ሥራዬን ትቼ ግራፊክ ዲዛይን ላስተምር?

ጥያቄ፦ «በግራፊክ ዲዛይነርነት 9 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን አንድ የሥልጠና ተቋም ለጀማሪዎች ዲዛይን እንዳስተምር ጠይቆኛል፤ የሚፈልጉኝ ለሙሉ ጊዜ ስለሆነ ከተስማማሁ ያለሁበትን ሥራ መልቀቅ ይኖርብኛል። ያማከርኳቸው ሰዎች የሚነግሩኝ የተለያየ ነው። አንዳንዶቹ ማስተማር እርካታ አለው፣ ከደንበኛ ጭቅጭቅም ያሳርፋል ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ የሚያስተምረው ሥራው ያልሆነለት ሰው ነው፣ ነገ የሚፎካከሩህን በገዛ እጅህ ታሠለጥናለህ፣ ለዚያውም ማሽን ምስል መሥራት በጀመረበት ዘመን ይሉኛል። ማስተማር በእርግጥ የሚያስገኘው ነገር ምንድን ነው? ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?»

መልስ፦

ማስተማር ከደንበኛ ጭቅጭቅ ያሳርፋል የተባሉት ስሕተት ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። 12 ተማሪ ያለበት ክፍል ማለት በየሳምንቱ 12 ያላለቁ ሥራዎች ማለት ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ ሐሳብ፣ የራሱ ስሕተትና የራሱ ባለቤት አለው። ደንበኛ ያልወደደውን ነገር «ይቀየር» ብሎ ይተዋል፤ ተማሪ ግን ለምን እንደሚቀየር፣ በምን እንደሚቀየር፣ ሲቀየርም በገጹ ላይ የትኛው ሌላ ነገር እንደሚናጋ ማወቅ ይፈልጋል፣ ማወቅም አለበት። በዚህ ላይ አንድን ኮርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጡ የዝግጅቱና የእርማቱ ሰዓት ከክፍሉ ሰዓት እንደሚበልጥ አስቀድመው ይቁጠሩት። የሚፈልጉት ዕረፍት ከሆነ የዓመት ፈቃድዎን ይውሰዱ።

የማስተማር ትልቁ ጥቅም፣ እኔ እንደማየው፣ ልምድ ያለውን ዲዛይነር እጁ ብቻ የሚያውቀውን ነገር በቃል እንዲናገረው ማስገደዱ ነው። 9 ዓመት የሠራ ሰው አብዛኛውን ውሳኔ የሚወስነው ቆም ብሎ ሳያስብበት ነው። ርእሱን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ የመስመሮቹን ክፍተት ያሰፋዋል፣ ቀዩን በጥቂቱ ያደበዝዘዋል፤ ሥራውም ይስተካከላል። አጠገቡ የተቀመጠው ጀማሪ «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብሎ ሲጠይቀው ግን አፉ ላይ የሚመጣለት የመጀመሪያ መልስ «እንዲህ ስለሚያምር» የሚል ነው። ይህ መልስ ለጠያቂው ምንም አይጨምርለትም፤ ነገ ሌላ ገጽ፣ ሌላ ርእስና ሌላ ቀለም ሲገጥመው የሚጠቀምበት ነገር አልሰጠውምና።

ስለዚህ መምህሩ ምክንያት ፍለጋ ይገባል። በላቲን ፊደል ለሚጻፍ ረጅም ጽሑፍ የአንድ መስመር ርዝመት ከ45 እስከ 75 ፊደል ቢሆን ይመረጣል የሚባለው ለምንድን ነው? ዓይን አንዱን መስመር ጨርሶ ወደ ቀጣዩ መጀመሪያ ሲመለስ፣ መስመሩ ከረዘመ መመለሻው ስለሚጠፋው፣ ካጠረ ደግሞ ንባቡ ስለሚቆራረጥ ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ መስመር ሲረዝም በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተትም አብሮ መስፋት እንዳለበት ሌላ ሕግ ሳይነገረው ይደርስበታል። በነጭ ገጽ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ የማይመከረውስ ለምንድን ነው? ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ በጽሑፉና በመደቡ መካከል ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልልቅ ጽሑፍ ደግሞ 3 ለ 1 የሆነ የብሩህነት ልዩነት ይጠይቃል፤ ይህንም የሚያደርገው የማየት አቅማቸው የደከመ አንባቢዎችን አስቦ ነው። እንዲህ ያለው መልስ ሊለካ ይችላል፣ ሊከራከሩበትም ይቻላል። አንዳንድ ልማድ ግን ምክንያት ቢፈለግለት ምንም አይገኝለትም፤ የቀድሞ አለቃዎ ስለማይወደው የተዉት፣ ወይም ሙያውን በጀመሩበት ጊዜ ፋሽን ስለነበረ ብቻ የያዙት ሆኖ ያገኙታል። ይህን ዓይነቱን ልማድ ከሥራዎ ላይ ማራገፍዎ ራሱ አንድ ትርፍ ነው፤ የሚያተርፉትም ከተማሪው በፊት እርስዎ ነዎት።

ትርፉ ክፍል ውስጥ አይቀርም። ለጀማሪዎች ምክንያት ሲያስረዳ የሰነበተ ዲዛይነር ደንበኛው «ሎጎው ይተልቅ» ሲለው እንደ ስድብ አይቆጥረውም። ምን እንዳሳሰበው ይጠይቀዋል፤ ብዙ ጊዜም ችግሩ የሎጎው መጠን ሳይሆን በሌሎች ነገሮች ተከብቦ አለመታየቱ መሆኑን ይደርስበታል፤ ከዚያም ሎጎውን ሳይነካ በዙሪያው ያለውን ባዶ ቦታ አስፍቶ፣ ለምን እንዲህ እንዳደረገም በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረድቶ ይጨርሳል። ውሳኔውን ማስረዳት የማይችል ባለሙያ ያንኑ ሥራ ደጋግሞ ሲያስተካክል ይከርማል።

«የሚያስተምረው ሥራው ያልሆነለት ሰው ነው» ለሚለው አባባል የሙያው ታሪክ ራሱ መልስ አለው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። አሜሪካዊው ዲዛይነር ፖል ራንድ በዬል ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በ1956 ሲሆን የኮምፒውተር ኩባንያውን የአይቢኤምን ሎጎ የሠራውም በዚያው ዓመት ነው። ዲዛይነሩ አርሚን ሆፍማን በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ለአሥርት ዓመታት አስተምሯል፤ በዚያው ዘመን ለከተማዋ ቲያትር የሠራቸው ጥቁርና ነጭ ፖስተሮች ዛሬም የዲዛይን ተማሪዎች የሚያጠኗቸው ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ለእርስዎ ጥያቄ የሚቀርበው ግን ሠዓሊውና መምህሩ ጆሴፍ አልበርስ ነው። አልበርስ በጀርመኑ የጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤት በባውሃውስ አስተምሮ፣ ትምህርት ቤቱ በ1933 ሲዘጋ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በመጀመሪያ በብላክ ማውንቴን ኮሌጅ፣ ከ1950 ጀምሮ ደግሞ በዬል ማስተማሩን ቀጠለ። ለተማሪዎቹ ከሚሰጣቸው መልመጃዎች አንዱ ባለቀለም ወረቀት ቆርጠው ያንኑ አንድ ቀለም በሁለት የተለያዩ መደቦች ላይ በማስቀመጥ ሁለት ቀለም አስመስለው እንዲያሳዩ የሚጠይቅ ነበር። ቀለም ብቻውን ምንም እንዳልሆነ፣ የሚታየው ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ መሆኑን ተማሪው በመቀስና በሙጫ ይደርስበታል። አልበርስ ከ1950 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ካሬን በካሬ ውስጥ እያስቀመጠ የሣላቸው በርካታ ሥዕሎች የሚመረምሩት ይህንኑ ጥያቄ ነው። ማስተማሩ ከሥራው የተረፈ ጊዜ መሙያ አልነበረም፤ በክፍሉና በሥዕል ቤቱ የሚሠራው አንድ ነገር ነበር።

አባባሉ ግን ጨርሶ ባዶ አይደለም። እውነት የሚሆነው መሥራት ባቆመ መምህር ላይ ነው። ለደንበኛ ሥራ ማስረከብ ከተወ ጥቂት ዓመታት ያለፉት ሰው የሚያስተምረው ትዝታውን ነው፤ የማተሚያ ቤት አሠራር፣ የስክሪን መጠን፣ የፎንት ፈቃድ ደንብ፣ የደንበኛ ጥያቄ ሁሉ ተለውጦ እርሱ አሮጌውን ይዞ ይቀመጣል። በመጨረሻ የማቀርብልዎት ምክር የተመሠረተው በዚህ ላይ ስለሆነ ልብ ይበሉት።

ብዙዎች የማስተማር ዋጋ የተማሪ ምስጋና ነው ይላሉ። ምስጋና ደስ ይላል፤ ነገር ግን ዘግይቶ የሚመጣ ስለሆነና ብዙ ጊዜም ሥራቸውን በጥንቃቄ ከተቸላቸው መምህር ይልቅ ላሞገሳቸው መምህር የሚደርስ ስለሆነ አይደገፉበት። የሚታመነው ደስታ ተማሪው ማየት ሲጀምር የሚገኘው ነው። ጀማሪ የመጀመሪያ ፖስተሩን ይዞ ሲመጣ በአብዛኛው 4 ወይም 5 ዓይነት ፎንት፣ ከየፊደሉ ሥር ጥላ፣ ከጥግ እስከ ጥግ የሞላ ገጽ ይዞ ነው። ይህን የችሎታ ማነስ አድርገው አይውሰዱት፤ ባዶ ቦታ ያልተሠራ ሥራ ስለሚመስለው ነው። ሁሉም ነገር እንዲጎላ ስለፈለገ ምንም እንዳልጎላ አይታየውም። «ይህን አጥፋ፣ ያንን አሳንስ» ቢሉት ያደርገዋል፣ ፖስተሩም ይሻሻላል፤ ተማሪው ግን የነበረበት ነው። ከዚህ ይልቅ ፖስተሩን ግድግዳ ላይ ይስቀሉትና ራቅ ብሎ ቆሞ መጀመሪያ ያነበበው ቃል የትኛው እንደሆነ፣ ከዚያስ ዓይኑ ወዴት እንደሄደ ይጠይቁት። ቀጥሎ ፖስተሩን አይቶት የማያውቅ ሌላ ተማሪ ጠርተው ያንኑ ይጠይቁ። የሁለቱ መልስ ሲለያይ ትምህርቱ እርስዎ ሳይናገሩ ተጀምሯል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ተማሪ አዲስ ሥራ ሰቅሎ ማንም ሳይቀድመው «ቀኑ አይታይም፤ ርእሱ ውጦታል» ይላል። ለብዙ መምህራን ወደ ክፍል የሚመልሳቸው ይህ ነው፤ አንድ ሰው ከዚህ በኋላ ያለ እነርሱ የሚሠራበት ዓይን አግኝቷልና።

እዚህ ላይ ልምድ ያላቸው ዲዛይነሮች በብዛት የሚወድቁበትን ስሕተት ላስጠንቅቅዎት፤ እጅዎን ከተማሪው ማውስ ያርቁ። ችግሩ ለእርስዎ ግልጽ ሆኖ፣ በግማሽ ደቂቃ የሚያስተካክሉት ሆኖ እያለ ተማሪው ሩብ ሰዓት ሲታገልበት መቀመጥ ከባድ ነው። ሆኖም ያስተካከሉት ሥራ የእርስዎ ይሆናል። በኮርሱ መጨረሻም 12 ፖርትፎሊዮ (የተማሪው ሥራዎች ስብስብ) ተሰልፎ ሁሉም የእርስዎን የፎንት ምርጫና የእርስዎን ኅዳግ ይዞ ይገኛል፤ ይህን እንደ ስኬት የሚቆጥር መምህር አለ፤ እኔ ግን የምቆጥረው እንደ ውድቀት ነው። ባዝልን ደግሜ ልጥቀስ፦ በጥብቅ ሥርዓት የሚታወቀው ያ ትምህርት ቤት በ1968 ለማስተማር ያስገባው ቮልፍጋንግ ቫይንጋርት ያንኑ ሥርዓት የሚያፈርስ የፊደል አቀማመጥ የሚሞክር ሰው ነበር። ለትምህርት የመጣችው አሜሪካዊቷ ዲዛይነር ኤፕሪል ግሪማንም ከሆፍማንም ከቫይንጋርትም ተምራ ወደ አሜሪካ ከተመለሰች በኋላ የሁለቱንም የማይመስል ሥራ ይዛ ወጣች። መምህሩ የሚያተርፈው ተማሪው እርሱ የማይሄድበትን መንገድ ሲሄድ ነው፤ ምክንያቱም ያኔ ብቻ የሚያየው አዲስ ነገር ይኖራል።

ከላይ የጠቀስኩት ትርፍ ሁሉ ሶፍትዌር ብቻ ለሚያስተምር ሰው አይደርሰውም። ብዙ ተቋማት ዲዛይን ማስተማር ማለት ፎቶሾፕንና ኢሉስትሬተርን የመሳሰሉ የዲዛይን ሶፍትዌሮችን ከሜኑ እስከ ሜኑ ማሳየት ይመስላቸዋል፤ እርስዎንም የጠየቁዎት ይህንኑ ሊሆን ስለሚችል ያጣሩ። የገጽ ማዘጋጃ ሶፍትዌር ብቻ ብንወስድ ፔጅሜከር በ1985፣ ኳርክኤክስፕረስ በ1987፣ ኢንዲዛይን በ1999 መጥተው አንዱ የሌላውን ቦታ እየወሰደ ሄዷል፤ ለድረ ገጽ ተንቀሳቃሽ ምስል ይሠራበት የነበረውን ፍላሽን የተማረ ትውልድ በ2020 መጨረሻ የሶፍትዌሩ ድጋፍ ሲቋረጥ አይቷል። የትኛው አዝራር የት እንዳለ በነፃ ቪዲዮ ይገኛል፤ ቪዲዮ የማይሰጠው የተማሪውን ሥራ አይቶ ለእርሱ ብቻ የሚሆን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ነው። ይህን ስል መሣሪያውን ይናቁት ማለቴ አይደለም። በስክሪን ላይ በአርጂቢ (በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን) ደምቆ የታየ አረንጓዴ በሲኤምዋይኬ (በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች) ሲታተም የሚደበዝዘው የማተሚያ ቀለሞቹ የሚደርሱበት ክልል ጠባብ ስለሆነ መሆኑን የማያውቅ፣ መቁረጫው ጥቂት ቢያመልጥ ነጭ ጠርዝ እንዳይወጣ ምስሉን ወይም የመደቡን ቀለም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከገጹ ጠርዝ ውጭ ማሳለፍ እንዳለበት ያልተማረ ተመራቂ የመጀመሪያ የኅትመት ሥራውን ያበላሻል። መሣሪያው ይማራል፤ ነገር ግን ከእርሳስና ከወረቀት በኋላ፣ ለሚሠራው ሥራ ሲያስፈልግ።

ምስል ስለሚሠራው ማሽን የሰሙት ግማሹ ትክክል ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃ ውስጥ በርካታ አማራጮችን ያቀርባል። ከእነዚያ አማራጮች የትኛው ለየትኛው አንባቢ እንደሚሆን፣ የትኛው ላይ ያለው ጽሑፍ እንደማይነበብ፣ የትኛው የሌላን ድርጅት ምልክት እንደሚመስል መዝኖ ተጠያቂነቱን የሚወስደው ግን ሰው ነው፤ ስለዚህ መመዘንን የሚያስተምር ክፍል ዋጋው አልወረደም። የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። ጀማሪዎች ቀድሞ በሥራ ቦታ እጃቸውን ያፍታቱባቸው የነበሩት ጥቃቅን ሥራዎች፣ ለምሳሌ ከፎቶ ላይ መደብን መቁረጥ፣ አንዱን ማስታወቂያ በተለያየ መጠን ማዘጋጀት፣ በማሽን ሊሠሩ እየቻሉ ነው። ያ ልምምድ በሥራ ቦታ ከቀነሰ በክፍል ውስጥ መተካት ይኖርበታል፤ የመምህሩም ሸክም ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ያለቀ ሥራ ብቻ ተቀብለው ማርክ አይስጡ። የመጀመሪያዎቹን ንድፎች፣ የተጣሉትን አማራጮችና የተጣሉበትን ምክንያት አብሮ ይጠይቁ፤ ያለዚያ የማንን ሥራ እያረሙ እንደሆነ አያውቁም፣ ቀደም ሲል የገለጽኩትን ዓይን ሲከፈት የማየት ደስታም አያገኙትም።

ተፎካካሪ ስለማፍራት የሚባለው ብዙ ቦታ አይገባውም። ጀማሪ የእርስዎን ደንበኛ የሚወስድ ከሆነ ሥጋቱ ከማስተማርዎ ሳይሆን ከሥራዎ ነው የሚመጣው። ከዓመታት በኋላ ከተማሪዎችዎ አንዱ በአንድ ጨረታ ላይ ሊገጥምዎት ይችላል፤ ከእነርሱ መካከል ግን ረዳት የሚቀጥሩት፣ የተረፈዎትን ሥራ የሚያስተላልፉለት፣ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቀውን የሚጠይቁትም ይገኛል። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ የደንበኛን ሥራ የክፍል መልመጃ አስመስለው ለተማሪዎች ሰጥተው በነፃ አያሠሩ። ተማሪው ለትምህርት ከፍሎ ለእርስዎ ገቢ እየሠራ ከሆነ ስሙ ሌላ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ለረጅም ጊዜ የሠራ ዲዛይነር በማስተማር ብቻ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በሙያው ከሚያገኘው ያንሳል፤ ልዩነቱን እርካታ ይሞላዋል ብሎ ኪራይ የሚከፍል የለም። ከዚህ ሌላ ከሚያስተምሯቸው መካከል ሙያው የማይሆናቸው እንደሚኖሩ አስቀድመው ይቀበሉ። ለእነዚህ ሥራ እንደሚያገኙ ተስፋ መስጠት አይገባም፤ ተቋሙ በማስታወቂያው ተስፋ የሚሰጥ ከሆነም ስምዎ አብሮ እንደሚጠራ ያስታውሱ።

ምክሬ የሚከተለው ነው። ያስተምሩ፤ ሥራዎን ግን አይልቀቁ። ለተቋሙ በሳምንት 2 ምሽት የሚሰጥ፣ ከ10 እስከ 12 ሳምንት የሚቆይ አንድ ኮርስ፣ ከ12 በማይበልጥ ተማሪ እንዲጀመር ሐሳብ ያቅርቡ። የተማሪው ቁጥር ዋና ጉዳይ ነው፤ 30 ሰው ባለበት ክፍል የእያንዳንዱን ሥራ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መወያየት ስለማይቻል የሚቀረው ሜኑ ማሳየት ብቻ ነው። ከመፈረምዎ በፊት የትምህርቱን ይዘት የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ የዝግጅትና የእርማት ሰዓት ይከፈል እንደሆነ፣ ያዘጋጁት የማስተማሪያ ጽሑፍ ኮርሱ ሲያልቅ የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ይጠይቁ። ይዘቱን አስቀድሞ በሶፍትዌር ስም ከፋፍሎ የሰጠዎትና ለመለወጥ ፈቃደኛ ያልሆነ ተቋም ከሆነ ጉድለቱ ከእርስዎ አይደለም፤ ይለፉት።

የመጀመሪያው ዙር ለውሳኔ አይበቃም፤ በዚያ ዙር አብዛኛው ጉልበትዎ የሚያልቀው በዝግጅት ነው። ሁለተኛውን ጨርሰው ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው፣ የገዛ ሥራዎ ላይ የተለወጠ ነገር መኖሩን ነው፤ ምክንያቱን መናገር አቅቶዎት የተዉት ልማድ ወይም ለደንበኛ ያስረዱበት መንገድ ከሌለ የማስተማር ዋናው ትርፍ አልደረሰዎትም ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ተማሪ እርስዎ በጭራሽ የማይሠሩትን ነገር ሠርቶ ሲያመጣ የተሰማዎት ምን እንደነበር ነው። ደጋግሞ የተሰማዎት ቅሬታ ከሆነ በሙያዎ ይቀጥሉ፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ጉጉት ከነበረ የማስተማሪያ ሰዓትዎን ይጨምሩ፣ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ቢያንስ ጥቂት ደንበኞችን ይዘው ይቆዩ። ተቋሙ ከሙሉ ጊዜ በታች አንቀበልም ካለዎት ደግሞ አሁን አይግቡበት፤ ጥቂት ጀማሪዎችን ሰብስበው ያንኑ ኮርስ ራስዎ ይክፈቱት።